ስድስት ወር ስንት ቀን ነው? የጠበቃው ታዲየስ ስቲቨንስ ነገር

ጉዳዩ ሲያዩት የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል። ቻሪቲ በትለር ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የምትኖር ሴት ነበረች። ሜሪላንድ ያኔ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ነበረች። ከድንበሩ ማዶ ያለችው ፔንሲልቬንያ ግን በ1780 (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ሕግ አውጥታለች። በሕጉ ውስጥ አንዲት በር ነበረች። ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ባሪያውን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ካቆየ፣ ባሪያው ነጻ ይወጣል። ቻሪቲን ደግሞ ለሥራ ድንበር እያሻገሩ ብዙ ጊዜ ወስደዋታል። የቆየችባቸው ቀኖች ሲደመሩ ስድስት ወር ያልፋሉ። ስለዚህ ነጻ ነኝ ብላ ከሰሰች። የልጆቿም ዕጣ በዚያው ድምር ላይ ተንጠልጥሏል።

የጌትየው ጠበቃ ተነስቶ ሕጉን አነበበ። ስድስት ወር ማለት በተከታታይ ነው እንጂ እየተቆራረጠ የሚጠራቀም አይደለም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም ተስማማ። በ1821 ቻሪቲና ልጆቿ ወደ ባርነት ተመለሱ።

ያ ጠበቃ ታዲየስ ስቲቨንስ ይባላል። በእኛ አጠራር ታዴዎስ መሆኑ ነው። ይኸው ሰው ከ45 ዓመት በኋላ በአሜሪካ ኮንግረስ ውስጥ ለጥቁሮች መብት ከማንም በላይ የሚጮህ፣ የደቡብ ባላባቶች ስሙን ሲሰሙ የሚያንገሸግሻቸው ፖለቲከኛ ሆኗል። 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ መንገዱን ከጠረጉት ዋነኛው እሱ ነው።

14ኛው ማሻሻያ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዋሽንግተን ዙሪያ ወይም ሚኒሶታ የወለደ አበሻ ልጁ ከእናቱ ማሕፀን እንደወጣ አሜሪካዊ የሚሆነው በዚህ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። የወላጆቹ ወረቀት ገና በሂደት ላይ ቢሆንም። በ2025 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ይህን የሚገድብ ትዕዛዝ ፈርመው ነገሩ ፍርድ ቤት ሲገባ፣ ማሻሻያው ኮንግረስ ውስጥ ስላለፈበት ስለ 1866 ያልሰማ ሰው ሁሉ ስለ 1866 ማውራት ጀምሮ ነበር።

ስቲቨንስ በ1792 ቬርሞንት ውስጥ ከድሃ ቤት ተወለደ። ሲወለድ አንድ እግሩ ቆልማማ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እያነከሰ ነው የሄደው። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ጠፋ። እናቱ ሠርታ አስተማረችው፤ በ1814 ከዳርትመዝ ኮሌጅ ተመረቀ። ከዚያ ፔንሲልቬንያ ወርዶ እያስተማረ ሕግ አጠና።

የጥብቅና ፈተናውን የወሰደው ግን ድንበር ተሻግሮ ሜሪላንድ ነው። ኋላ ራሱ እንደሚያወራው፣ ፈታኞቹ ከሁሉ በፊት የጠየቁት ሁለት ጠርሙስ የማዴይራ ወይን ነበር። ወይኑ ቀረበ፣ ጥቂት ጥያቄ ተጠየቀ፣ ፈቃዱ ተሰጠ። ጠበቃ ሆነ። በማግስቱ ኪሱ ባዶ ነበር ይባላል፤ ማታውን ካርታ ሲጫወቱ በልተውታል።

በ1816 ጌቲስበርግ ቢሮ ከፈተ። ያኔ ጌቲስበርግ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት፤ ስሟን ዓለም ያወቀው ኋላ በተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ድንበሩ ቅርብ ስለሆነ የሚያመልጡ ባሪያዎችና የሚያሳድዷቸው ሰዎች የሚተላለፉባት ቦታ ነበረች። የቻሪቲ ጉዳይ እጁ የገባው እዚያ ሆኖ ነው። ከዚያ ፍርድ በኋላ በስቲቨንስ ልብ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ የጻፈው ነገር የለም፤ ስለዚህ «ተጸጸተ» ብዬ አላጋንንም። በወረቀት የሚታየው ግን ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው የሥራ ዘመኑ ከባሪያዎቹ ጎን ቆሞ ተሟግቷል። በ1837 የፔንሲልቬንያ ሕገ መንግሥት ሲከለስ ጉባኤው ላይ ተቀመጠ። አዲሱ ሰነድ የመምረጥ መብትን ለነጭ ወንዶች ብቻ ሲያደርገው አልፈርምም ብሎ ወጣ።

ፖለቲካ የገባው በ1833 ነው፤ ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ። መጀመሪያ የነበረበት ፓርቲ የፍሪሜሶን ማኅበርን የሚቃወም ነበር፤ ዛሬ ሲያስቡት ይገርማል፣ ያኔ ግን ድምጽ ያመጣ ነበር። እዚያ ከሠራው አንዱን ብቻ ላንሳ። በ1834 ግዛቱ በግብር ገንዘብ የሚተዳደር ነጻ ትምህርት ቤት ደነገገ። ግብር ከፋዩ አበደ፤ በዓመቱ ሕጉ እንዲሻር ከየቦታው ፊርማ ጎረፈ፣ የግዛቱ ሴኔትም ይሻር አለ። የስቲቨንስ መራጮች ራሳቸው ሻረው ብለውታል። እሱ ግን ተነስቶ ለሕጉ ተከራከረ፤ ሕጉም ተረፈ።

ሰውዬው መልአክ አልነበረም። ቁማር ይወዳል። ምላሱ ምላጭ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አበሻ የሚመች ቀልድ ግን ነበረው። ሊንከን ሳይመን ካሜሮንን የጦር ሚኒስትር ሊያደርገው ሲያስብ ስቲቨንስን ስለ ሰውዬው ታማኝነት ጠየቀው ይባላል። ስቲቨንስም «የጋለ ምድጃ የሚሰርቅ አይመስለኝም» አለ። ወሬው ካሜሮን ጆሮ ደረሰ፤ ቃልህን አንሳ ተባለ። ስቲቨንስ ለሊንከን እንዲህ አለ ይባላል፦ «ካሜሮን የጋለ ምድጃ አይሰርቅም ብዬ ነበር። አሁን አንስቻለሁ።»

በ1842 ዕዳ አጣድፎት ወደ ላንካስተር ከተማ ተዛወረ። የብረት ማቅለጫ ነበረው፣ ትርፉ ግን ኪሳራ ነበር። ላንካስተር ለጠበቃ የተሻለ ገበያ ነበረች። እዚያ ሊዲያ ሃሚልተን ስሚዝ የምትባል ክልስ ሴት ቤቱን ልታስተዳድርለት ገባች። እስኪሞት አብራው ኖረች። ባልና ሚስት ናቸው የሚል ሐሜት ሁለቱንም ሲከተላቸው ነው የኖረው፤ ማስረጃ የለም። የሚታወቀው አንድ ነገር አለ። ስቲቨንስ «ወይዘሮ ስሚዝ» ብሎ ነው የሚጠራት፤ እንግዳውም እንደዚያ እንዲጠራት ይጠብቃል። በዚያ ዘመን ነጭ ሰው ጥቁር ሠራተኛውን በስሟ ብቻ ነበር የሚጠራው። አንቺና እርስዎ መካከል ያለውን ርቀት የምናውቅ እኛ፣ ያቺ «ወይዘሮ» ምን ያህል እንደምትመዝን ለመረዳት አንቸገርም።

ላንካስተር ሆኖ ከያዛቸው ጉዳዮች ትልቁ የክርስቲያና ነው። በ1850 ኮንግረስ ያመለጠ ባሪያ የትም ቢገኝ ለጌታው እንዲመለስ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ከባዱ ነገር፣ በአካባቢው ያለ ዜጋ ሁሉ ሲጠራ አሳዳጆቹን እንዲረዳ ያዛል። በመስከረም 1851 ኤድዋርድ ጎርሳች የተባለ የሜሪላንድ ሰው ያመለጡትን ሊይዝ ክርስቲያና ወደምትባለው መንደር መጣ። ጥቁሮቹ መሣሪያ ይዘው ጠበቁት፤ ተገደለ። መንግሥት 38 ሰዎችን በአገር ክህደት ከሰሰ። መጀመሪያ የቀረበው ካስትነር ሃንዌይ የሚባል ነጭ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው። ጥፋቱ፦ እርዳ ሲባል እምቢ ማለቱ። ስቲቨንስ ከተከላካይ ጠበቆቹ አንዱ ነበር። ለሰው አልተባበርም ማለት አገር ላይ ጦር ማንሳት ሊሆን አይችልም ተባለ። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) ለመምከር ገብተው በሩብ ሰዓት ወጡ፦ ጥፋተኛ አይደለም።

በ1849 ኮንግረስ ገባ፤ ሁለት ዘመን አገልግሎ ወጣ። በ1859 በአዲሱ የሪፐብሊካን ፓርቲ ተመልሶ ገባና እስኪሞት ቆየ። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲጀመር የገንዘብና የግብር ጉዳዮችን የሚይዘው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ለሠራዊቱ የሚከፈለው ገንዘብ በእጁ ያልፋል ማለት ነው። ከሰሜን ጋር የሚዋጉት ባርነት የሚፈቅዱት ደቡቦች ይህን አልረሱም። በሰኔ 1863 ወደ ጌቲስበርግ ሲዘልቁ ጄኔራል ጁባል ኧርሊ መንገድ ላይ የስቲቨንስን ብረት ማቅለጫ አገኘውና አቃጠለው። ስቲቨንስ የጠየቀው ሥራ ስላጡት ሠራተኞቹ ቤተሰቦች ነበር፤ ቀለብ እንዲሰጣቸውም አደረገ።

አሁን ብዙ ሰው የሚደናገርበት ቦታ ደረስን። ጦርነቱ አልቆ፣ በታኅሣሥ 1865 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን ካስወገደ በኋላ ሌላ ማሻሻያ ለምን አስፈለገ?

መልሱ ክፍልፋይ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የየግዛቱን የምክር ቤት ወንበር በሕዝብ ብዛት ይደለድል ነበር። ባሪያ ግን እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ይቆጠራል። ለምሳሌ አንድ ግዛት 100 ሺህ ነጻ ሰውና 100 ሺህ ባሪያ ቢኖረው፣ ለድልድሉ የሚያዘው 160 ሺህ ነው። ባሪያው አይመርጥም፤ በስሙ ጌታው ተጨማሪ ወንበር ያገኛል። አሁን ባርነት ቀረ። የትናንቱ ባሪያ ሙሉ ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ ያ ግዛት 200 ሺህ ሆነ ማለት ነው። ጥቁሩ ግን አሁንም አይመርጥም! እንግዲህ በጦርነት የተሸነፈው ወገን ከጦርነቱ በፊት ከነበረው የበለጠ ወንበር ይዞ ኮንግረስ ሊገባ ነው። በጦር ሜዳ ያጡትን በስሌት ሊያገኙት።

ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ሊንከን አይደለም። ሊንከን በሚያዝያ 1865 ተገድሏል። የተተካው አንድሩ ጆንሰን ለደቡቦች ቶሎ ቶሎ ይቅርታ ይሰጣል። እነሱም የራሳቸውን መንግሥት አቋቁመው ጥቁሩን ሥራ እንዳይቀይር፣ እንደልቡ እንዳይዘዋወር የሚያስሩ ሕጎች አወጡ። ቀጥለው ተወካዮቻቸውን መርጠው ወደ ዋሽንግተን ላኩ። ኮንግረስ የሚከፈተው ታኅሣሥ 4 ቀን 1865 ነበር። አንዴ ገብተው ከተቀመጡ አበቃ፤ ማንም አያስነሳቸውም።

ስቲቨንስ ያገኘው መላ የስም ጥሪ ነው።

አዲስ ምክር ቤት ሲከፈት አፈ ጉባኤ ገና አልተመረጠም። ስም የሚጠራው የቀድሞው ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ነው። ስሙ ያልተጠራ ሰው ድምጽ መስጠት ቀርቶ መናገርም አይችልም። ዋና ጸሐፊው ኤድዋርድ ማክፈርሰን የጌቲስበርግ ልጅ ነው፤ የስቲቨንስ ወዳጅ። ጥሪው ተጀመረ። ማክፈርሰን የደቡብ ግዛቶችን እየዘለለ ሄደ። የቴነሲው ሆረስ ሜይናርድ ተነሳ። ሜይናርድ እኮ ከሰሜን ጎን የቆመ ሰው ነው፤ ግዛቱም የፕሬዚዳንቱ የራሱ አገር ናት። ልናገር አለ። ጸሐፊው ስሙ መዝገብ ላይ የሌለ ሰው መናገር አይችልም አለው። አንድ ዴሞክራት ተነስቶ፣ ቴነሲ ከአሜሪካ ውጪ ከሆነች ታዲያ ፕሬዚዳንቱ በምን ሥልጣን ነው የሚገዛን ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው መልካም ነበር። መልስ የሰጠው የለም።

በዚሁ ቀን ስቲቨንስ ደቡብ በምን ሁኔታ ትመለስ የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም አለ፦ ዘጠኝ ከተወካዮች ምክር ቤት፣ ስድስት ከሴኔት። ከዚያ በፊት የደቡብ ሰው አይገባም። ሕገወጥ ነበር? አይመስለኝም። ሕገ መንግሥቱ እያንዳንዱ ምክር ቤት የአባላቱን ምርጫ ራሱ ይዳኛል ይላል። የቻሪቲን ነጻነት በ«ተከታታይ» የነጠቀው ዓይን፣ አሁን በዚህች አንቀጽ በሩን ዘጋው።

14ኛው ማሻሻያ የወጣው ከዚያ ኮሚቴ ነው። ሁሉን ስቲቨንስ ጻፈው ማለት ግን ስህተት ነው። ሕግ ለሁሉም እኩል ከለላ ይስጥ የሚለውን የቀረጸው የኦሃዮው ጠበቃ ጆን ቢንግሃም ነው። አሜሪካ ውስጥ የተወለደና በሥልጣኗ ሥር ያለ ሁሉ ዜጋ ነው የምትለውን ሴኔት ውስጥ ያስገባት የሚሺጋኑ ጄኮብ ሃዋርድ ነው፤ እሱም ጠበቃ። ይህች ዓረፍተ ነገር የ1857ቱን ፍርድ አፍርሳለች። ያኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ነበር። በ1898 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ ለተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነህ አለው። የስደተኛ ልጅ ሁሉ የሚጠቅሰው ፍርድ ይህ ነው።

የክፍልፋዩ ጣጣስ? ስቲቨንስ የፈለገው ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት በቀጥታ እንዲጻፍ ነበር። ችግሩ ብዙ የሰሜን ግዛቶች ራሳቸው ጥቁር አያስመርጡም፤ ሊያጸድቁት አይችሉም። ስለዚህ መሐል ላይ ተገናኙ። ወንዶቹን ከምርጫ የሚከለክል ግዛት በዚያው ልክ ወንበር ይቀነስበታል ተባለ። ምረጥ ካላልከው አትቁጠረው እንደማለት ነው። በወረቀት ላይ ብልህ ነው፤ በተግባር አንድም ወንበር ተቀንሶበት አያውቅም።

ሰኔ 13 ቀን 1866 የመጨረሻው ድምጽ ሊሰጥ ሲል ስቲቨንስ ተናገረ። 74 ዓመቱ ነው፤ ታሟል። ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል የሚሆንበትን ቀን ሲያልም እንደኖረ፣ ሕልሙም እንደተነነ ተናዘዘ። ታዲያ እንዲህ ጎደሎ የሆነውን ለምን ትቀበላለህ ቢሉኝ አለ፣ መልሴ በመላእክት መካከል ሳይሆን በሰዎች መካከል ስለምኖር ነው። 120 ለ32 አለፈ። በሐምሌ 1868 ጸደቀ።

ያልተሳካለት ነገር መሬት ነው። በመስከረም 1865 ላንካስተር ላይ ባደረገው ንግግር፣ ያመፁት ትልልቅ ባላባቶች መሬት ተወርሶ ነጻ ለወጣ ለእያንዳንዱ አዋቂ ወንድ 40 ኤከር ይሰጥ አለ። 16 ሄክታር ገደማ ነው፤ ግማሽ ጋሻ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ተሽጦ የጦርነቱ ዕዳ ይከፈልበት። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ መሬት የሌለው ነጻ ሰው ነገ ተመልሶ የባለመሬቱ ጥገኛ ነው። በ1867 በረቂቅ መልክ አመጣው። የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሸሹት፤ ዛሬ የደቡብ ባላባት መሬት ከተነካ ነገ የእኛስ ብለው ይመስለኛል። ረቂቁ ሞተ። ጥቁሩ ገበሬም በየእርሻው የእኩል አራሽ ሆኖ ቀረ። በእኔ ዓይን ከሠራው ሁሉ ይልቅ ይህ የከሸፈው ሐሳቡ ነው አርቆ ያየው።

ከጆንሰን ጋር የነበረው ግብግብ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ፕሬዚዳንቱ ሕግ አልቀበልም ሲል ኮንግረስ እምቢታውን በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ይሽረዋል፤ እንዲህ እየተናነቁ ከረሙ። ኮንግረስ ያለ ሴኔት ፈቃድ ሚኒስትር እንዳይባረር የሚከለክል ሕግ አወጣ። ጆንሰን የጦር ሚኒስትሩን አባረረ። በየካቲት 1868 ተወካዮች ምክር ቤት 126 ለ47 ከሰሰው፤ የመጀመሪያው የተከሰሰ ፕሬዚዳንት ነው። ስቲቨንስ በዚያ ሰሞን መራመድ አቅቶት ሁለት ሰዎች በወንበር ተሸክመው ነበር ወደ አዳራሹ የሚያስገቡት። እናንተ ስትሞቱ ማን ሊሸከመኝ ነው እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ንግግሩን ጀምሮ ድምፁ ሲያልቅበት ቀሪውን ሌላ ሰው አነበበለት። ግንቦት 16 ሴኔት ድምጽ ሰጠ፦ 35 ለ19። ለማውረድ 36 ያስፈልግ ነበር።

ስቲቨንስ ከዚያ ሦስት ወር አልሞላም፤ ነሐሴ 11 ቀን 1868 ዋሽንግተን ውስጥ ሞተ። አልጋው አጠገብ ወይዘሮ ስሚዝ ነበረች። አስከሬኑ ካፒቶል ውስጥ አረፈ፤ ከእሱ በፊት እዚያ ክብር የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ሄንሪ ክሌይና ሊንከን። ዘብ የቆሙለት ጥቁር ወታደሮች ናቸው። ወገኖቹም መሞቱን እያወቁ ለቀጣዩ ምርጫ ዕጩ አድርገው አቀረቡት።

የተቀበረው ላንካስተር ውስጥ በአንዲት ትንሽ መካነ መቃብር ነው። ትላልቆቹ መካነ መቃብሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ጥቁር አይቀብሩም ነበር። ደንብ ማንበብ ልማዱ ነውና ይህንንም አንብቧል። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ያዘጋጀው ራሱ ነው። እዚህ ጸጥ ያለ ቦታ የተኛሁት ብቸኝነት ወድጄ አይደለም ይላል፤ ሌሎቹ በዘር የተወሰኑ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ በሕይወቴ ሙሉ የሞገትኩለትን በሞቴም ለማሳየት ነው፦ ሰው በፈጣሪው ፊት እኩል መሆኑን።

ወይዘሮ ስሚዝ በኑዛዜው ከተወላት ገንዘብ ጋር የላንካስተሩን ቤት ገዝታ አስቀረችው። በ1884 ስትሞት ከራሷ ገንዘብ ለመቃብሩ መጠበቂያ የሚሆን ትታ ሄደች።